አማቴ እሸት ይዘው የመጡ ቀን

ጂንካ ገበያ እህል የሚሸምት ሰው ሁሉ ያውቀኛል። «አስቴር አፏ አያርፍም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የማሽላ ነጋዴ ዝም ካለ ማሽላውን ነቀዝ ይበላዋል። ከደንበኛ ጋር እቀልዳለሁ፣ ከደላላ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ የሰማሁትን ወሬ ቤቴ ድረስ ይዤው አልሄድም፤ መንገድ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለሁ ሴት አንድ ነገር ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ለዓመታት ይዤ ኖሬያለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ ነው። መሃል ላይ እንባዬ ቢቀድመኝ ታገሡኝ።

የተወለድኩት ወይጦ ነው፤ ፀማይ ነኝ። እኛ ጋ ወባ እንደ ዘመድ ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ቢያባርሩትም ቅር አይለውም። ያደግኩት በማሽላ፣ በወተትና በሽፈራው ቅጠል ነው። ባቄላ የሚባል ነገር ያየሁት ለትምህርት ጂንካ ስገባ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ አባቴ ከወይጦ የሚልክልኝን ማሽላ መሸጥ ጀመርኩ፤ ማሽላውን የሚያመጣልኝ የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ታደሰ ይባላል። ማሽላውን ሲያወርድልኝ ከርሞ እኔን ይዞኝ ሄደ።

የታደሰ ወገኖች ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ የሚኖሩ ኦርቶዶክሶች ናቸው። እናቱን እማማ ብርቄ እላቸዋለሁ። የእማማ አያት ከመንዝ ወደዚህ አገር ሲመጡ የባቄላ ዘር በጨርቅ ቋጥረው ነበር የመጡት አሉ። «ሰው አገሩን ትቶ ቢሄድ እንኳ ምላሱን ትቶ አይሄድም» ይሉ ነበር እማማ። ያ ባቄላ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘራ ኖሮ እማማ ጓሮ ደረሰ። ስንጋባ በሁለቱም በኩል ማጉረምረም ነበር። በእነሱ በኩል «ቆለኛ አገባ፣ ያውም ጴንጤ» ተባለ። በእኛም በኩል «ከብት የሌለው ሰው ምን ይሆናታል?» ተባለ። ናቲ ሲወለድ ግን ሁሉም አፉን ዘጋ። እማማ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኑ። ከደጋ ሲወርዱ እኔን ሰላም ማለት ረስተው «ጌታዬ የት አለ?» ነበር የሚሉት።

ነገሩ የሆነው ናቲ አራት ዓመት ሲሆነው ነው። መስቀል አልፎ ደጋው ላይ እሸት የደረሰበት ሰሞን ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ናቲን ይዤው ወይጦ ወርጄ፣ አባቴ ጋ ሰንብተን ተመልሰናል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣው ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ታደሰ ጭነት ይዞ ሩቅ ቆላ፣ ወደ ዱስ ወርዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ እማማ በዘንቢል ሙሉ የባቄላ እሸት ይዘው ከች አሉ።

«የት አለ የኔ ደገኛ?»

«ደገኛ አይደለሁም! ወይጦ ሄጄ ነበር» አለ ናቲ፣ እየዘለለ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ።

«ኧረ እሱማ ያስታውቃል! ከስተህ፣ ጠቁረህ! ና በል፣ የአያትህን እሸት ብላና ደም ይምጣልህ።»

በረንዳ ላይ ተቀመጡና ይፈለፍሉለት ጀመር። «አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለአንተ» ይላሉ፤ ሁሉም የሚገባው ግን እሱ አፍ ውስጥ ነው። ናቲ ወደደው። አረንጓዴው ቆዳ ሲላጥ የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማ ይስቃል።

«እማማ፣ ሆዱን ይነፋዋል» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! የአያቱ እርሻ ምን ሆዱን ይነፋዋል? ዞር በይ፣ ገበያሽን ነግጂ።»

ስቄ ሄድኩ። አያትና የልጅ ልጅ ሲዋደዱ ማየት የሚያስጠላው ማን አለ? የዚያን ቀን ሽያጬም ጥሩ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

እሑድ እኔ ወደ አምልኮ ሄድኩ፣ እማማ ከቅዳሴ ቀደም ብለው ተመልሰው ከናቲ ጋር ዋሉ። ስመለስ በረንዳው ላይ የባቄላ ልጣጭ ተነስንሷል፤ ናቲ አያቱ ጭን ላይ ተኝቷል። «ሲሮጥ ውሎ ደክሞት ነው» አሉኝ። ሲነቃ ግን ልጄ ልጄን አልመሰለኝም። ከንፈሩ ነጥቷል። እንጀራ እምቢ አለ፣ ወተት እምቢ አለ።

«ምን ይምጣልህ ታዲያ?» አልኩት።

«ባቄላ።»

እማማ ደስ ብሏቸው ተነሱ። «አየሽ፣ ይሄ ነው የሚያሽረው!» እያሉ እፍኝ ሙሉ ፈልፍለው አጎረሱት። እኔም እሰይ፣ ቢያንስ አንድ ነገር በላ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ሰኞ ጠዋት ናቲ ከጓሮ ጠራኝ።

«እማዬ! ነይ እዪ፣ ቡና ሸናሁ!»

የሚያስቅ ነገር ያገኘ መስሎት ነበር። ሄጄ ሳየው ክው አልኩ። እውነትም ቡና ነው፤ ጥቁር፣ ወደ ቀይ የሚያደላ። አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ ፀሐይ ቀና ሳደርገው ዐይኑ ቢጫ ሆኗል። እጁን ሲዘረጋልኝ ጉልበቱ ከዳውና እቅፌ ውስጥ ወደቀ።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ።

ሮጠው መጥተው የዐይኑን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩት። «በስመ አብ! ይሄማ የወፍ በሽታ ነው። አትደንግጪ። ደጋ ላይ መድኃኒቱን የሚያውቁ ሴት አሉ፤ አሁኑኑ ይዘነው እንውጣ።»

«የምን ወፍ! ወባ ነው እማማ። ወይጦ ወስጄው የለ እንዴ? ወባን እኔ አውቀዋለሁ፣ አብሬው ነው ያደግኩት።»

«ወባ ቢሆን ያንቀጠቅጠው ነበር! ዐይኑን አታዪም?»

«እያየሁ ነው! ዐይን አለኝ!»

በአማቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው ያወቁት የደጋውን በሽታ ነው፣ እኔ ያወቅኩት የቆላውን፤ ልጁ በመሃል እንደ ቅጠል እየጠወለገ ነበር። ደግነቱ ሐኪም የያዘው ነፍስ ያድራል ይባላልና አንስቼ አዘልኩት፣ ባጃጅ አስቆምኩ። እማማም እያጉረመረሙ ነጠላቸውን ደርበው ተከትለውኝ ገቡ።

ሆስፒታል ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ። «ወባ የለበትም» አሉኝ።

«ደግማችሁ እዩልኝ። ወይጦ ነበርን እኮ።»

ደግመው አዩ። የለበትም። ደሙ ግን አልቋል ተባለ፤ እንዴት ቆሞ እንደሄደ ይገርማል ብለው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። እማማን ውጭ በረንዳ ላይ ይጠብቁ አሏቸው። ከዚያ አንድ ወጣት ዶክተር መጣ፤ የናቲን ሆድ ዳሰሰ፣ ሽንቱን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ መድኃኒት ሰጥታችሁታል?»

«አልሰጠንም።»

«ምን ምን በላ? ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ንገሪኝ።»

«ምን ይበላል ብለህ ነው? ቅዳሜ ምሳውን በላ። ከዚያ ባቄላ...»

«ምን ዓይነት ባቄላ?»

«እሸት። ከደጋ የመጣ።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን። ትናንትም በላ።»

ዶክተሩ የናቲን ዐይን ደግሞ ገለጥ አድርጎ አየና «ያንቺ ወገኖች ከየት ናቸው?» አለኝ።

ተናደድኩ። ልጄ እያጣጣረ ይሄ ሰውዬ ዘር ይቆጥራል እንዴ አልኩ በልቤ። «ከወይጦ። ፀማይ ነኝ። ምን አገናኘው?»

«ይገናኛል፣ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ። «ወባ በበዛበት አገር ከጥንት የኖረ ሕዝብ መሃል ወባን የሚቋቋም ደም ያላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ከወባ ተርፈው ይወልዳሉ፤ ደሙም በዘር ይወርዳል። ለወንድ ልጅ ከእናቱ ነው የሚመጣው። ልጁ በደህና ጊዜ ምንም አይሆንም። ይሄው ደም ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ባቄላን አይችልም። በተለይ ጥሬውን፣ በብዛት ሲሆን፣ ደሙ በውስጡ ይፈራርሳል። በሽንቱ ያየሽው የራሱን ደም ነው።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ይበላ የለም እንዴ?»

«ለሌላው ምግብ ነው። ቆላ ደግሞ ባቄላ ስለማይበቅል ያንቺ ዘመዶች ሳያውቁት ኖረዋል። እኔም ተምሬዋለሁ እንጂ በዐይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መመርመሪያው እዚህ የለንም፤ ግን የተማርኩት ምልክት ሁሉ አለበት። አሁን ደም ያስፈልገዋል፤ ቶሎ።»

እስቲ አስቡት። ወባ እንዳይገድለን ብሎ የተሠራ ደም ነው፤ ለልጄ ያወረስኩት እኔ ነኝ። ያን ባቄላ ደግሞ ከመንዝ ድረስ ተሸክመው ያመጡት እንዳይራቡ ብለው ነው። ሁለቱም ሰውን ሊያኖር የመጣ ነገር ነው። ልጄ ውስጥ ሲገናኙ ግን ተጣሉ። ይሄ የማን ጥፋት ይባላል?

ደሜን ፈተኑት፣ ለናቲ ይሆናል አሉ። እጄን ሰጥቼ ተኛሁ። በመስኮቱ የእማማን ድምፅ እሰማለሁ።

«የኔን ውሰዱ! ለምን ከእሷ ብቻ? ሁሉንም ውሰዱት!»

«እናቴ፣ ዕድሜዎ አይፈቅድም» ይሏቸዋል ነርሶቹ።

«ለልጅ ልጄ ደሜን የሚከለክል ምን የሚሉት ዕድሜ ነው? ኧረ ተዉኝ! እኔ ኖሬ ምን ላደርግ ነው?»

ደሙ ሲሰቀልለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ናቲ ዐይኑን ገለጥ አደረገ።

«እማዬ፣ ቤት እንሂድ።»

«ይሄ ደም ይግባልህና እንሄዳለን።»

«የማነው?»

«የኔ ነው።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም፣ የኔ ጌታ። ላንተ ከሆነ አያመኝም።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ትንፋሹ ፈጠነ፣ እንደ ሮጠ ልጅ። ነርሷ ዶክተሩን ጠራች፤ እኔን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉኝ። ደረቱን ሲጫኑት አየሁ። ጸለይኩ፣ ተሳልኩ፣ በአማርኛም በፀማይኛም ለመንኩ። ውጭ የከሰዓቱ ዝናብ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ። ደሜ ገና እየወረደለት ነበር፤ ግማሹም አልገባም። ልጄ ሞተ።

አልጮህኩም። ጩኸት የት እንደሄደብኝ እንጃ። ዶክተሩ ዐይኑ ቀልቷል፤ ወደ በሩ ሄዶ «ለአያቱ እኔ ልንገራቸው?» አለኝ።

«ተወው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ኮሪደሩን አልፌ በረንዳው ጋ ደረስኩ። እማማ አግዳሚው ላይ ለዝናቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል። ለካስ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ እሸቱን ቋጥረው ይዘውት ኖሯል። ፈልፍለው፣ ቆዳውን ልጠው፣ አረንጓዴውን ፍሬ ሰብስበው በመዳፋቸው ይዘዋል።

«ሲነቃ ይርበዋል ብዬ» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩ። «አስቴር? ሐኪሙ ምን አለ? ምንድን ነው የያዘው?»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ አፌ ላይ የመጣ ነገር ተመልሶ አያውቅም። እነዚያን እጆች ሳያቸው ግን ዋጥኩት። እነዚያ እጆች ናቸው ናቲን ሲወለድ የተቀበሉት። አሁን ብናገር እኚህ ሴትዮ እጃቸውን ምን ያደርጉታል? በምን እጅ ይበላሉ? በምን እጅ ያማትባሉ? አንድ ሰው ሞቶብኛል፤ ሁለተኛ ልግደል?

«ወባ ነው፣ እማማ» አልኩ። «ወባ ነው። አልቻለም። ናቲ ሞተ።»

ባቄላው ከመዳፋቸው ፈሰሰ። ተነስተው ቆሙ፣ መልሰው ተቀመጡ፣ እንደገና ቆሙ። ከዚያ ደረቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ይነቀንቁኝ ጀመር።

«ምን ቆርጦሽ ወሰድሽው? ምን ቆርጦሽ ቆላ ወሰድሽብኝ? ልጄን አስበላሽው! ለዚያ ለወባ አገርሽ አስበላሽው!»

«አዎ፣ እማማ» አልኩ። «አዎ።»

ለቅሶው ላይ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ ብል ወረቀት አይበቃኝም። ታደሰ ከዱስ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ለብቻው ወስጄ እውነቱን ነገርኩት። ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰና «እናቴ ይህን ከሰማች አታድርም» አለኝ። በዚሁ ተስማማን። የደጋ ሰዎች «ቆላ ወስዳ አስነከሰችው» ሲሉ ሰማሁ። የባሰው ከአባቴ የመጣው ነው። ከወይጦ መጥቶ በቋንቋችን «ምን ነካው?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ባለበት ወባ ነው አልኩት።

ሽማግሌው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «እኔ ጋ ነዋ የተነከሰው» አለ። «ከእኔ ጋር ነበር የሚተኛው። አጎበሩን ሲገፋው ትቼዋለሁ፤ ሙቀት ነው ብዬ።»

ያኔ ገባኝ። ሸክሙን ከአንዷ አሮጊት አንስቼ አንዱ ሽማግሌ ላይ ጭኜዋለሁ። በዓመቱ ማሽላ ሲታጨድ ወይጦ ወረድኩና እርሻው መሃል ሁሉንም ነገርኩት፤ ደሙን፣ ባቄላውን፣ ውሸቴን። ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። እማማን ይረግማል ብዬ ፈራሁ።

«ለሴትዮዋ አትንገሪያት» አለኝ። «እኔ ሸክሙን አሁን ለምጄዋለሁ። እሷ እንደ አዲስ ትጀምር?»

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፣ ቤተ ክርስቲያንም ብዙ አይሄድም። እንደሱ ያለ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከናቲ በኋላ ዮናስን ወለድኩ። ወንድ መሆኑን ሲነግሩኝ አለቀስኩ፤ የደስታ እንባ መሰላቸው። ያው ደም ሊኖረው እንደሚችል አውቃለሁ። ታዲያ እማማን «ባቄላ አትስጡት» ልበላቸው? ይህን ካልኩ ሌላውን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ሞኝ አይደሉም። ስለዚህ ምክንያት ሳልሰጥ ልጁን ከቤታቸው አራቅኩት። ሽሯቸው ባቄላ አለበት፣ ንፍሯቸው ባቄላ አለበት፣ ደጃቸው ላይ የሚደርቀው ባቄላ ነው። ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲዘረጉ ነጥቄ አነሳዋለሁ። «እኔ ጋ ይደር» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። ጎረቤት «ይቺ ቆለኛ አማቷን ተጸየፈች» አለ። እማማ እየቆየ መምጣት ቀነሱ፤ ሲመጡም ባዶ እጃቸውን ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደኔና እንደ ታደሰ ቆላና ደጋ የተጋባችሁ፤ ባቄላ መርዝ ነው አላልኳችሁም። የእማማን ዘር ስንት ክፉ ቀን ያሻገረ እህል ነው። የኔም ደም አያሳፍረኝም፤ ወገኖቼን አቆይቷል። ልጃችሁ ባቄላ በልቶ ሽንቱ ቢጠቁር፣ ዐይኑ ቢጫ ቢሆን ግን፣ ወፍ ነው ወባ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ሮጣችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የበላውንም የእናቱን አገርም ሳትደብቁ ተናገሩ። ዋሽተሽ ጥሩ አደረግሽ ወይስ አላደረግሽም የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ እነዚያን እጆች እንደገና ባይ እንደገና እዋሻለሁ። በነጻ ነው የዋሸሁት እንዳትሉኝ ብቻ።

እማማ ብርቄ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ሲታመሙ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሴት ልጅ የላቸውም። አንድ ከሰዓት ገላቸውን አጥቤ ልብሳቸውን ለውጬ ሳስተኛቸው እጄን ያዙኝ።

«አስቴር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ይጠይቁኝ፣ እማማ።»

«ናቲን ወባ ገደለው ስትይኝ አመንኩሽ። የዚያን ዕለት ክፉ ተናገርኩሽ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠላሁሽም። ያንቺም ልጅ ነው ብዬ ተውኩት።» ትንፋሽ አጠራቸውና ቆዩ። «አንቺ ግን ዮናስን ለአንድ ጉርሻ እንኳ እኔን አምነሽ አልሰጠሽኝም። ምን አድርጌሽ ነው?»

ከአልጋው ጫፍ ወርጄ ተንበረከክሁ። ተናገሪ፣ ተናገሪ ይለኛል ልቤ። እጃቸውን አየሁት፤ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል።

«ምንም አላደረጉኝም፣ እማማ» አልኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉኝና እጄን ለቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።